የተለቀሰለት አይቆጠርም

አገራችን ከሰባቱ አገሮች መጨረሻ የወጣችው በእኔ ምክንያት ነው። ይህን ስል እየፎከርኩ አይደለም፤ ንስሐ እየገባሁም አይደለም። ሰው ሁሉ በየመንገዱ የመሰለውን ስለሚያወራ፣ በቦታው የነበርኩት እኔ ሳልረሳው ልጻፈው ብዬ ነው። ፊደል ያስተማረኝ ሰው የለም። ከቀብር መልስ ሰው ሁሉ ሲበተን ወደኋላ እየቀረሁ፣ የሟቾችን ስም ከመቃብር ድንጋይ ላይ እያነበብኩ ነው የለመድኩት። ስለዚህ ስም ስጽፍ አልሳሳትም፤ ሌላው ላይ ብሳሳት ይቅርታ ይደረግልኝ።

ሥራዬ ማልቀስ ነው። በአገራችን አልቃሽነት ከእናት ለልጅ የሚወረስ ሙያ ሲሆን እኔ ግን የወረስኩት የለኝም። አጥር ሥር ቆሜ እየሰማሁ ነው የተማርኩት። ከእናታቸው የወረሱት አልቃሾች በዚህ ምክንያት «ወፍ ዘራሽ» ይሉኛል፤ ማንም ሳይዘራት የበቀለች ማለታቸው ነው። መጀመሪያ ስድብ ነበር፣ እያደር ስሜ ሆነ።

ሰባቱ አገሮች የሚነፍስባቸው ነፋስ አንድ ነው። የአንዱ ጭስ ጠዋት ተነሥቶ ማታ ከሌላው ዓይን ውስጥ ይገባል። በዚህ ሲጨቃጨቁ ኖረው በመጨረሻ ቃል ኪዳን ገቡ፤ በሃያ ዓመት ውስጥ እያንዳንዱ አገር ከሚያነደው ከአሥሩ እሳት ሰባቱ «ተመላሽ» እንዲሆን። ተመላሽ እሳት ማለት ምንጩ ሄዶ የሚመጣ ነው፤ ነፋስ፣ ፀሐይ፣ ወራጅ ውሃ። አንዴ ነዶ የማይተካው ደግሞ «ሂያጅ» ይባላል፤ የድንጋይ ከሰልና ነጭ ጋዝ ሂያጅ ናቸው። በየዓመቱ ቆጣሪዎች በየምድጃው ይዞራሉ። ቆጠራው ሲያልቅ ሰባቱ አገሮች በሚገናኙበት ድልድይ ላይ ሰሌዳ ይቆማል፤ ከላይ እስከ ታች ሰባት ስም።

የማዶ አገር ሰዎች የሚኖሩት ከሰል ላይ ተቀምጠው ነው። ለቤት መሠረት ቢቆፍሩ ከሰል፣ ለውሃ ቢቆፍሩ ከሰል፣ ለሬሳ ቢቆፍሩም ከሰል። የሜዳ አገር ነፋስ የሚያዞራቸው መዘውሮች ተክሎ ሁለተኛ ይወጣል። ነፋስ በሌለበት ቀን ከማዶ አገር በሽቦ እሳት ያስመጣል፤ ግን ቆጣሪ የሚቆጥረው እዚያው የተነሣውን እሳት እንጂ በእንግድነት የመጣውን አይደለም። የደጋ አገር ፀሐይ የሚይዙ መስታወቶችን ከተራራው ጫፍ ላይ ደረደረ፤ በዓመት ስምንት ወር ጉም የማይለየው ተራራ ነው። የሐይቅ አገር ከአሥር ሲቆጠር ቁጥሩ አነሰብኝ ብሎ ከስምንት መቁጠር ጀመረ። የቀሩት ሁለት አገሮች የገቡትን ቃል በየዓመቱ በጥቂት በጥቂቱ ይፈጽማሉ፤ ስለዚህ ስለ እነሱ የሚወራ ነገር የለም።

አገራችን ግን አሥር ዓመት ሙሉ አንደኛ ነበረች። ከአሥሩ እሳታችን ዘጠኙ ተመላሽ ነበር። መዘውር የለንም፣ መስታወት የለንም፣ ሽቦ በሩቁ ነው የምናውቀው። የምናነደው እንጨትና ኩበት ነው። በቃል ኪዳኑ መጽሐፍ «እንጨት ተቆርጦ ይበቅላል፣ ላምም ነገ ትጥላለች፤ ስለዚህ ሁለቱም ተመላሽ ናቸው» ተብሎ ተጽፏል። አሥረኛው እሳት ጥቂት ቤቶች ማታ ማታ የሚያበሩት ነጭ ጋዝ ነበር። እሱም ደረጃችንን እንዳያበላሽ ተከለከለ።

ሰባቱ አገሮች ተባብረው በየዓመቱ አንድ መዘውር ከነሽቦው ያቆማሉ። መዘውሩ የሚሰጠው ሰሌዳው ላይ መጨረሻ ለወጣው ነው፤ እንዲበረታ። አንደኛ ለወጣው የነሐስ ፋኖስ ይሰጠዋል፤ እንዲኮራ። የማዶ አገር እስከዚያ ጊዜ ድረስ ሰባት መዘውር ወስዷል። መዘውር በተቀበለ ቁጥር ከሰሉን ጨመር ያደርጋል፤ አለዚያ በሚቀጥለው ዓመት ማን ይሰጠዋል? እኛ አሥር ፋኖስ አለን። አንዳቸውም በርተው አያውቁም። ፋኖስ ለማብራት ነጭ ጋዝ ያስፈልጋል፤ ነጭ ጋዝ ደግሞ ሂያጅ ነው።

ጎረቤቴ ጥሩአየር አረቄ አውጪ ነበረች። አረቄ የሚወጣው ቀኑን ሙሉ በማያንቀላፋ እሳት ነው። ድፍድፉ እሳቱ ላይ ይፈላል፤ እንፋሎቱ በሸምበቆ ወርዶ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተቀመጠ ዕቃ ይንጠባጠባል። እሳቱ ቢበዛ ያርራል፣ ቢያንስ ይቋረጣል። ስለዚህ አውጪዋ ከእሳቱ አትለይም። ጥሩአየር ሃያ ስድስት ዓመት አልተለየችም። የዓይኗ ዳርና ዳር በርበሬ መስሏል፤ ከእሷ ቀድሞ ሳሏ ነው ከቤት የሚወጣው።

«ይህን ስም ማን አወጣልሽ?» ይሏታል ጠጪዎቹ፣ ጭሱ መሃል ዓይናቸውን እያሹ።

«አባቴ! ደጅ ነዋ የተወለድኩት!» ትላቸዋለች።

እንጨቷን የምታመጣው ራሷ ነበረች። እናት ዱር የምንላት ደናችን ድሮ ከጓሯችን ትጀምር ነበር። ጥሩአየር መንገድ የምትለካው በዘፈን ነው። ወጣት ሳለን «ዱሩ አንድ ዘፈን ይርቃል» ትል ነበር፤ ከደጇ ላይ የጀመረችው ዘፈን ሳያልቅ ከዛፎቹ ትደርሳለች። በኋላ ሦስት ዘፈን ሆነ። ከዚያ ዘጠኝ። በመጨረሻ የምታውቀው ዘፈን ሁሉ አለቀባትና ዝም ብላ መሄድ ጀመረች። ለዘፈንም ትንፋሽ ያስፈልጋል። ሐኪም ቤት ሄዳ «ከጭስ ራቂ» ተብላለች። «እሺ» ብላ ወጥታ፣ ከዚያው እንጨት ልታመጣ ሄደች።

በአሥራ አንደኛው ዓመት ቆጣሪው ምንውየለት እንደ ልማዱ መጣ። ቆጣሪ የራሱን አገር አይቆጥርም፤ እሱ የደጋ አገር ሰው ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ መጽሐፉን በነጠላ ጠቅልሎ የሚሸከም ጨዋ ሰው ነው። እኔም የዚያን ቀን ከጥሩአየር ቤት ነበርኩ።

«ደህና ከረሙ እትዬ ጥሩአየር?»

«እንደምታየኝ። ግባ አያ ቆጣሪ፣ ጎንበስ በል፤ ጭሱ ከአንተ ቁመት ነው የሚጀምረው።»

ጎንበስ ብሎ ገባና ተቀመጠ። ዓይኑ ወዲያው መፍሰስ ጀመረ። «ዘንድሮ ምን ነደደ?»

«ምን ይነድዳል? ሥር ነዋ! ግንዱ አለቀ፣ ቅርንጫፉ አለቀ፣ ጉቶውን ነቅለን ጨረስን። አሁን ሥሩን እየቆፈርን ነው። ከርሞ አፈሩን ሳናነድ አንቀርም።»

«እንጨት» ብሎ ጻፈ። «ተመላሽ።»

«የት ደርሶ ነው የሚመለሰው?»

«መጽሐፉ ነው የሚለው እትዬ።»

«መጽሐፉ ዱሩን አይቶታል?»

ምንውየለት ዓይኑን በነጠላው ጠረገ። «እኔ አይቼዋለሁ። መጀመሪያ ዓመት ስመጣ በቅሎዬን ያሰርኩት ከዋርካው ሥር ነበር።»

«ዛሬስ?»

«ከእርስዎ ቤት ምሰሶ ላይ።»

«እንግዲያስ ያን መዘውር ስጡና! ወንዛችን እንደሆነ ቀን ከሌት ከገደል ሲወረወር ነው የሚውለው፤ ሥራ ፈት ነው።»

«መዘውር ለመጨረሻው ነው እትዬ። እናንተ አንደኛ ናችሁ።»

«መጨረሻ ለመሆን ምን ያስፈልጋል?»

«ከሰል ማንደድ።»

«ከሰል የለንማ!»

«እሱ ነው ችግሩ» አለ፤ ከልቡ አዝኖ።

ጥሩአየር ሳቀች። ሳቁ መሃል ላይ ወደ ሳል ዞረ፤ ሳሉም ዝም ብሎ የሚያልቅ አልሆነም። ምንውየለት ብዕሩን አስቀምጦ ውሃ አቀበላት። አፏን የጠረገችበትን ጨርቅ ፈጠን ብላ አጠፈችው። ከመታጠፉ በፊት ግን ቀዩን እኔም አየሁት፣ እሱም አየው።

ውጭ ስሸኘው በቅሎውን እየፈታ፣ «እናቴ የምታበስለው በሽቦ በሚመጣ እሳት ነው። ጭስ የለውም። ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ እስካሁን ትቆጣኛለች» አለኝ። በቅሎው ላይ ወጥቶ ሄደ። እኔ ግን የሁለቱን ዕድሜ ሳሰላ አመሸሁ። ጥሩአየር ያኔ አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

በማግስቱ ወደ ታላቁ ጉልቻ ሄድኩ። አገራችንን የሚያስተዳድሩት ሦስት ሹሞች ጉልቻ ይባላሉ፤ ታላቁ፣ መካከለኛውና ታናሹ ጉልቻ። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው ተረት በዚህ ምክንያት በአገራችን በአደባባይ አይነገርም። በየቤቱ ግን ብዙ ጊዜ ይነገራል። ታላቁ ጉልቻ ጋሽ ገረመው ፋኖሶቹን በተርታ ደርድረው በአመድ ሲወለውሉ አገኘኋቸው። አመድ እንኳ ሞልቶናል።

«ጋሽ ገረመው፣ ጥሩአየር ልትሞትብኝ ነው።»

«እግዜር ይማራት። ምን ልታዘዝ?»

«ዘንድሮ አንደኛ አንውጣ።»

የያዙትን ፋኖስ አስቀመጡት። «እንዴት ያለ ነገር ነው የምትናገሪው ልጄ?»

«መጨረሻ ከወጣን መዘውሩ ይመጣል። ከጭስ ትወጣለች።»

«ተቀመጪ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። «እኛ ምን አለን? እስቲ ንገሪኝ። የማዶው ሰው አገሩ ቀን ከሌት በመብራት የተንቆጠቆጠ ነው። እኔ ጫማዬን ድልድዩ ላይ አራግፌ ወደ ስብሰባው ስገባ ግን ያ ሰው ይነሣል። ለእኔ አይደለም፣ ለአገሬ ነው የሚነሣው። እንዴት ብዬ ነው ይህን አምጥቼ የምጥለው?» ወደ ፋኖሶቹ ዞረው፣ «የኔዋም በዚያው ሳል ነው የሄደችው። አንቺ አይደለሽ ያለቀስሽላት? ያኔ ገና አራት ፋኖስ ነበረን» አሉ።

ተነሣሁ። ስወጣ እንደገና አመዱን አንሥተው ነበር።

ጥሩአየር በዚያ ሳምንት ከእሳቱ መነሣት እያቃታት ቀኑን ደጅ ቁጭ ብላ መዋል ጀመረች። አንድ ቀን አጠገቧ ተቀምጬ ሳለሁ፣ «ወፌ» አለችኝ፤ ወፍ ዘራሽን አቆላምጣ የምትጠራኝ እሷ ብቻ ነበረች። «ስሞት ምን ብለሽ ልታለቅሺልኝ ነው? አሁን ንገሪኝ፤ ያኔ አልሰማም።»

«ዝም በይ።»

«እሺ እኔን ተዪኝ፣ ለእናት ዱር አልቅሺላት። እኔስ ገና አለሁ። እሷ ናት ሞታ የምትቆጠረው።»

ይህን እንደ ቀልድ ተናግራ ወደ ሳሏ ተመለሰች። እኔ ግን ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ።

በአገራችን አንድ የቆየ ሕግ አለ፤ «የተለቀሰለት አይቆጠርም» ይላል። የድሮ ሹሞች ለመንገድ ሥራ ሰው ሲቆጥሩ ሙታኑንም ጨምረው እየቆጠሩ፣ የሙታኑን ድርሻ ሕያዋኑ ይሠሩ ነበር። ስለዚህ በወጉ ሦስት ቀን የተለቀሰለት ከማናቸውም መዝገብ እንዲሰረዝ ተደነገገ፤ የቆጣሪ መጽሐፍም መዝገብ ነው። ወጉ ሦስት ነገር ይፈልጋል። የሟቹ ማስታወሻ መሃል ላይ ይቀመጣል። አልቃሽ ቆማ ታለቅሳለች። ከዘመድ ውጭ የሆነ አንድ ሰው ደግሞ «ጭስ የማያውቀው እንባ» ያፈስሳል። አገሩ ሁሉ በጭስ ሲያነባ ስለሚውል እንባ ብቻውን በማስረጃነት አይያዝም፤ ስለዚህ ልቅሶ ባለበት ሠፈር ሦስት ቀን እሳት አይለኮስም። ሕጉ የተቀረጸበት ድንጋይ ዘንድ ሄጄ አምስት ጊዜ አነበብኩት። «የሞተ ሰው» አይልም። «የሞተ» ብቻ ነው የሚለው።

ልቅሶው የተጠራው እናት ዱር በነበረችበት ራቁት ኮረብታ ላይ ነው። ከእናታቸው የወረሱት አልቃሾች ሊስቁ ቀድመው መጡ።

«ወፍ ዘራሽ ለዛፍ ልታለቅስ ነው አሉ!»

«ታዲያ ዘመዷ አይደል እንዴ!»

ለማስታወሻ የሚሆን ጉቶ እንኳ ፈልገን አጣን። በመጨረሻ ጥሩአየር እንጨት ስትሸከምበት የኖረችውን ገመድ አምጥታ መሃል ላይ ጠቅልላ አስቀመጠችው። በላዩ ላይ የእሷ ወገብ ያላለሰለሰው ቦታ አልነበረም። ከሳቂዎቹ ሁለቱ ገመዱን ሲያዩ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀመጡ።

ጋሽ ገረመው መልእክተኛ ላኩ። «በእናት ዱር እሳት ሞቆ ያደገ ሁሉ ዘመድ ነው ተብሎ ተፈርዷል» አለ መልእክተኛው። እንግዲህ በአገሩ ከዘመድ ውጭ የሚባል ሰው ሊገኝ ነው? የቀረው ምንውየለት ብቻ ነበር። መጽሐፉን እስኪያትም አንድ ሳምንት ይቆያል። ሄጄ ለመንኩት።

«ቆጣሪ አያለቅስም» አለኝ።

«መቀመጥስ?»

አሰበ። «መቀመጥ አልተከለከለም።»

የመጀመሪያውን ቀን ከፀሐይ መውጫ እስከ መግቢያ ቆሜ አለቀስኩ።

«ሂጂ ስንል ሄድሽ፣ ነይ ስንልሽ ቀረሽ፣
ተመላሽ ናት ያለው መቼ ደጅ ጠበቀሽ?

ጥላሽን አንድደን ብርዱን ሸኘንበት፣
ፀሐይ ወጣ ዛሬ፣ የለንም መግቢያ ቤት።»

አንድም ሰው አላለቀሰም። ልባቸው ደርቆ አይደለም። በጭስ ሲያነባ የኖረ ዓይን ጭሱ ሲጠፋ ማንባቱን ረስቶት ነው። በሁለተኛው ቀን እንዲያውም ሰዎች በየሙሾው መሃል እየተንሾካሾኩ ማዶ ማዶውን ማየት ጀመሩ። «ያ ተራራ ድሮም እዚያ ነበር?» ሲባባሉ ሰማሁ። በሶ በጥብጠን ዋልን። ምንውየለት መጽሐፉን ጭኑ ላይ አድርጎ እንደ ድንጋይ ተቀምጧል። ዓይኑ ደረቅ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሰው በዛ። የማውቀው ሙሾ ሁሉ አለቀብኝ፤ ድምፄም ተዘጋ። ፀሐይ ልትገባ ትንሽ ሲቀራት ጋሽ ገረመው መጥተው ዳር ላይ ቆሙ። ፀሐይ ከገባች ልቅሶው ፈረሰ ማለት ነው፤ እንደገና አይጠራም። ያን ጊዜ ጥሩአየር ከተኛችበት ቀና አለች።

«አያ ቆጣሪ፣ መጽሐፍህን አንብብልን።»

«የቱን ላንብብ?»

«የእኔን ቤት። አሥራ አንዱንም ዓመት።»

ምንውየለት ዙሪያውን አየ። ማንበብም አልተከለከለም። መጽሐፉን ገልጦ ፈልጎ አገኘና ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ።

«አንደኛ ዓመት። ጥሩአየር። ወይራ። ተመላሽ» አለና ቆም አለ። «ዳር ላይ የጻፍኩትም አለ። እንድጽፍ አልታዘዝኩም፤ እርስዎ ሲነግሩኝ ነው የጻፍኩት። እሱም ይነበብ?»

«ይነበብ።»

«አንድ ዘፈን ይርቃል።» ገለጠ። «ሁለተኛ ዓመት። ወይራና ዋንዛ። ተመላሽ። ሁለት ዘፈን። ሦስተኛ ዓመት። ግራር። ተመላሽ። ሦስት ዘፈን፤ ስትመለስ ደከማት። አምስተኛ ዓመት…» አንድ ዓመት ዘልሎ ነበርና ተመልሶ አነበበው። እስከ ስድስተኛው ቀጠለ። «ሰባተኛ ዓመት። ቁጥቋጦ። ተመላሽ። ዘጠኝ ዘፈን፤ ሳል ጀምሯታል። ስምንተኛ ዓመት። ጉቶ። ተመላሽ። አሥራ ሦስት ዘፈን፤ አንዱን ሁለቴ ደገመችው። ዘጠነኛ ዓመት። ጉቶ። ተመላሽ። ዘፈን አለቀ። አሥረኛ ዓመት። ሥር። ተመላሽ። ዝም ብላ ሄዳ ዝም ብላ መጣች። አሥራ አንደኛ ዓመት። ሥር። ተመ…»

ቃሉን አልጨረሰውም። እኔ ሠላሳ ዓመት አልቅሻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ሙሾ አውጥቼ አላውቅም። እሱም እያነበበ ሳለ የሚያነብበው ምን እንደሆነ ገና ያኔ የሰማው ይመስለኛል። የመጀመሪያው እንባ መጽሐፉ ላይ ወደቀና ቀለሙን አበላሸው። በነጠላው ሊሸፍን ሞከረ፤ ሕዝቡ ግን አይቶታል።

ሁሉም ዞሮ ጋሽ ገረመውን ነው ያየው። በሕጉ መሠረት ጭስ መኖር አለመኖሩን አይቶ የሚመሰክረው ታላቁ ጉልቻ ነው። ጋሽ ገረመው ወደ አንድ ድንጋይ ወጡ። ወደ ምሥራቅ አዩ። ወደ ምዕራብ አዩ። ወደ ሰሜን ሲያዩ ብዙ ቆዩ፤ እዚያ በኩል የባለቤታቸው መቃብር አለ። በሩቅ ትንሽ ጉም ነበረች። «ጭስ ነው» ቢሉ ማንም አይከራከራቸውም ነበር፤ ጉሟም ጭስ ትመስል ነበር።

«ጭስ የለም» አሉ።

ከድንጋዩ ሲወርዱ ምንውየለት ተነሥቶ ደገፋቸው።

እናት ዱር ከተመላሽ መዝገብ ተሰረዘች፤ የነደደው እንጨቷም ሂያጅ ተባለ። ለላሞቹ ስላልተለቀሰ ኩበቱ ባለበት ቀረ፤ እሱ ግን ብቻውን አላዳነንም። ድልድዩ ላይ ስማችን ከአናት ወርዶ ከግርጌ ተሰቀለ። አሥር ዓመት ስላልተነቀለ ምስማሩ ዝጎ ሰውዬው ሲያወርደው ግማሽ ቀን ፈጀበት አሉ። ጋሽ ገረመው ወደ ስብሰባው ሲገቡ የማዶው ሰው አልተነሣም። እሳቸውም ይህን ሲነግሩኝ፣ «ወንበሩ ከባድ ነው፣ ሰውዬውም ሸምግሏል» አሉ።

አገሩ እኔን ጠላኝ። አምስት ወር ለልቅሶ የጠራኝ የለም፤ ሰውም እንደ ወትሮው ይሞት ነበር። ገበያ ላይ አንዷ «አገር ያዋረደች!» ብላ ምራቋን ተፋችብኝ። በዚያው ሳምንት ጋሽ ገረመው ፋኖሶቹን እንዳሉ አወጧቸው። ከመጨረሻ በታች ደረጃ ስለሌለ ነጭ ጋዙ ተፈቀደ። ሐኪም ቤት ሦስት፣ አዋላጇ ቤት ሁለት ተሰጠ። አንዱን ራሳቸው ተሸክመው ለጥሩአየር አመጡላት።

«ቅርጹ ያምራል» አለቻቸው፣ ከለኮሱላት በኋላ። «ለካ ይበራም ነበር?»

ከዚያ የማዶ አገር መልእክተኛ ወደ እኔ መጣ። ከሰላቸውን አልቅሼ ከመዝገብ እንዳሰርዝላቸው ለመነኝ። የእኔን ዝና ሰምተዋል፤ ቀለቤንም ማደሪያዬንም ይችላሉ።

«አልችልም» አልኩት።

«ለምን? ለእንጨት ስታለቅሺ አልነበረም?»

«እንጨቷ ሞታ ነዋ። ከሰላችሁ አልሞተም፤ ትናንት ጭሱን አይቼዋለሁ።»

የሐይቅ አገር ግን የራሱን አልቃሾች ማሠልጠን መጀመሩን ሰምቻለሁ።

መዘውሩ በዘጠነኛው ወር ወንዛችን ላይ ቆመ። ሽቦው ከሠፈራችን ደረሰ፤ ወደ ጥሩአየር ቤትም ገባ። ሽቦ የሚዘረጋው መዝገብ ላይ ለተቆጠረ ምድጃ ብቻ ነው፤ የእሷ ተቆጥሯል። መጀመሪያ የጣደች ዕለት አረቄዋ ሲንጠባጠብ ዓይኗን እያሸች፣ «ኧረ ወፌ፣ አላለቅስ አልኩ! ምን ላድርግ?» አለችኝ። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ ዘፈን ጀመረች፤ ያቺን ድሮ ከደጅ እስከ ዱሩ የምታደርሰዋን። ያስላታል ብዬ እስኪያልቅ ትንፋሼን ይዤ ነበር። አንድም ቦታ ሳትቆም ጨረሰችው።

ከዚያ አምስት ሳምንት ኖረች። ሐኪሙ «ቀደም ብሎ ቢሆን…» አለ።

ቀበርናት። ካህኑ ፈታት፣ አፈር ለበሰች፣ ንፍሮ ተበላ። እኔ ግን አላለቀስኩም፤ ሌላ አልቃሽም አላስጠራሁም። የጎረቤት ሴቶች ከበው ያዙኝ። «ለዛፍ ሦስት ቀን ቆመሽ፣ ለጓደኛሽ አንዲት ስንኝ የለሽም?» አሉኝ። ጋሽ ገረመው እንኳ መጥተው፣ «ልጄ፣ ደግ አይደለም» አሉኝ። ምን ልበላቸው? የተለቀሰለት አይቆጠርም። ባለቅስላት ስሟ ይሰረዛል፤ ስሟ ሲሰረዝ ሽቦው ይቆረጣል፤ ቤቷም ጨለማ ይሆናል። ሙሾዋን ሠርቼ ጨርሻለሁ፤ በልቤ ይዤው ነው የምዞረው። እስካሁን ካወጣኋቸው ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ይህን የጻፍኩትም እሱን ላለማውጣት ነው።

በዓመቱ ምንውየለት ለቆጠራ መጣ። መሞቷን መንገድ ላይ ሰምቶ ነበር። በቅሎውን ከጥሩአየር ምሰሶ ላይ አስሮ፣ እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ ገባ፤ ጭስ ስላልነበረ ቀና ብሎ ቆመ። ከእሷ ምድጃ ፊት ለፊት ቁጭ ብዬ እየጠበቅሁት ነበር። ገመዱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። መብራቱ በርቷል።

መጽሐፉን ገለጠ። «በዚህ ቤት ማን አለ?»

«ጥሩአየር።»

ብዕሩን ከወረቀቱ ላይ አነሣ። «ተለቅሶላታል?»

«አልተለቀሰላትም።»

ወደ መብራቱ አየ። ምን እንደነደደ አልጠየቀኝም። ጎንበስ ብሎ ጻፈና ማንበብ እንደምችል ስለሚያውቅ መጽሐፉን ወደ እኔ አዞረው። «ጥሩአየር። ተመላሽ» ይላል። ዳር ላይ ደግሞ በደቃቅ ጽሕፈት፣ «አንድ ዘፈን።»

ከዚያ መጽሐፉን ሳይጠቀልል አቅፎ ፈጠን ብሎ ወጣ። እኔም ቆይ አላልኩትም። በዚያ ቤት ውስጥ ጭስ ስለሌለ፣ ቢያለቅስ ኖሮ እንባው ልቅሶ ሆኖ ይቆጠርብን ነበር።